ከሥር የተጣበቀ ባለጋራ

የገበሬን ድካም የሚሻሙ ባለጋሮች በሦስት ወገን ይመደባሉ፤ እነርሱም ነፍሳት፣ አረምና በሽታ ናቸው። ነቢዩ ኢዮኤል ትንቢቱን ሲጀምር ተምችን፣ አንበጣን፣ ደጎብያንና ኩብኩባን ተራ በተራ መጥራቱ፣ ንጉሥ ሰሎሞንም ቤተ መቅደሱን ባስመረቀበት ጸሎቱ ዋግንና አረማሞን ከራብና ከቸነፈር ጋራ አንድ ላይ ማንሣቱ፣ ይህ ጠብ ከእርሻ ጋራ አብሮ የተወለደ መሆኑን ያስረዳል። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ከእነዚህ ባለጋሮች ጋራ የሚጣላው በዓይኑ ሲያያቸው ነው፤ ተምቹ ቅጠሉን ሲበላ፣ ዋጉ አገዳውን ሲያዝገው፣ አረሙ ከዘሩ በላይ ራሱን ሲያነሣ። እኔ በዚህ ምዕራፍ ላስረዳ የምሻው ግን፣ ባለጋራው በታየበት ሰዓት ጠቡ ብዙውን ጊዜ ያለቀ መሆኑንና፣ ድል የሚገኘው ከመታየቱ አስቀድሞ የሚያልፍባትን ጠባብ በር ፈልጎ በመዝጋት መሆኑን ነው። ለዚህም ከሁሉ ይልቅ አቀንጭራን ምስክር አድርጌ መርጫለሁ፤ እርሱ አረም ሲሆን እንደ በሽታ ከውስጥ የሚያመነምን፣ ሥር እያለውም በሌላው ሥር የሚኖር ድንቅና ክፉ ፍጥረት ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አቀንጭራ በወሎ፣ በሰሜን ሸዋ፣ በትግራይና በሐረርጌ ቆላማ ስፍራዎች፣ ማሽላ ሲዘራ በኖረበት አገር ሁሉ የታወቀ ነው። ቅጠሉ ጠባብና ሻካራ፣ ቁመቱ ከጉልበት እምብዛም የማያልፍ፣ አበባው ሐምራዊ ሲሆን፣ ክረምቱ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ በማሽላው እግር ሥር ተነጥፎ ሲታይ ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ቆሞ ውበቱን ሊያደንቅ ይችላል። የእርሻው ባለቤት ግን በዚያ አበባ ውስጥ የጎተራውን ባዶነት ያያል፤ ከፍ ብሎ ዛላ ሊይዝ ይገባው የነበረው ማሽላ ቁመቱ አጥሮ፣ ቅጠሉ ተኮማትሮ፣ ዝናብ ዘንቦ አፈሩ እርጥብ ሳለ በድርቅ እንደ ተመታ ጠውልጎ ቆሟልና። የማሽላውን እግር ዙሪያውን ቆፍሮ አፈሩን በውሃ ቀስ አድርጎ ያጠበ ሰው የነገሩን ምሥጢር በዓይኑ ያገኘዋል፤ ከአቀንጭራው የሚወርደው ነጭ ሥር ወደ ማሽላው ሥር ዘልቆ፣ በመጋጠሚያው ላይ ትንሽ እብጠት አበጅቶ፣ የአንዱ ሥጋ የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምር ለመለየት እስከሚያስቸግር ድረስ ተዋሕዶ ይታያል። በዚህች እብጠት በኩል ውሃውና ማዕድኑ፣ ማሽላው በቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብም ጭምር ወደ ጥገኛው ያልፋል።

በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል በተጻፈው ምሳሌ፣ አገልጋዮቹ እንክርዳዱን እንንቀል ብለው በጠየቁ ጊዜ ባለ እርሻው ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ሰግቶ እስከ መከር ድረስ እንዲተዉት አዘዛቸው። የምሳሌውን ምሥጢር መምህራን በትርጓሜያቸው ያብራሩታል፤ የእርሻ ምክር ሆኖ ከተወሰደ ግን ለእንክርዳድ ይሠራ ይሆናል እንጂ ለአቀንጭራ ፈጽሞ አይሆንም። እስከ መከር የተተወ አንድ አቀንጭራ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር በትኖ ይሞታልና፤ ዘሩም ርዝመቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ በመዳፍ ላይ ቢያፈሱት ቡናማ ትቢያ እንጂ ዘር የማይመስል፣ ነፋስ የሚወስደው፣ ጎርፍ የሚያሻግረው፣ ከማሽላ ዘር ጋራ ተቀላቅሎ ገበያ የሚወጣና የሚገባ፣ በአፈር ውስጥም ከዐሥር ዓመት በላይ ሳይሞት የሚቆይ ነው።

ይህን ያህል ዘመን እንዲታገሥ ያደረገው ድካሙ ነው። ዘሩ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ለጉዞው የቋጠረው ስንቅ የለውም፤ አንድ ጊዜ ከበቀለ በኋላ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝመው ሥሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ የማሽላ ወይም የበቆሎ ሥር ካላገኘች ይሞታል። ስለዚህ በሙቀትና በእርጥበት አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ከተዘጋጀ በኋላም እንኳ፣ የሚመግበው ሥር በአጠገቡ መኖሩን የሚያበሥር ምልክት እስኪደርሰው ድረስ አይበቅልም። የሌላው አረም ዘር ዝናብ ሲያገኝ ሲነሣ፣ የአቀንጭራ ዘር ግን የዝናቡን ድምፅ ሰምቶ ዝም ይላል፤ የሚጠብቀው ሌላ ድምፅ ነውና።

ያ ምልክት ምን እንደ ሆነ ሊቃውንት ያወቁት በ1966 ነው። በዚያ ዓመት ከጥጥ ሥር ከሚፈሰው ፈሳሽ ውስጥ ስትሪጎል ብለው የሰየሙትን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ መጠኑ ለማመን እስኪያስቸግር ድረስ ጥቂት ሆኖ ሳለ የአቀንጭራን ዘር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ሆኖ ተገኘ። የሚያስገርመው ግን ጥጥ ራሱ ለአቀንጭራ ምግብ የማይሆን ተክል መሆኑ ነው፤ ይቀሰቅሰዋል እንጂ አይመግበውም፤ የተቀሰቀሰው ዘርም የሚጣበቅበት አጥቶ በአፈር ውስጥ ያልቃል። ጥጥን፣ ላም አተርን ወይም አኩሪ አተርን ከማሽላ ጋራ እያፈራረቁ ወይም እያሰባጠሩ መዝራት ስለምን የአቀንጭራን ብዛት እንደሚቀንስ የሚያስረዳው ምክንያት አንደኛው ይህ ነው።

እንግዲህ ማሽላው ሊያጠፋው የተዘጋጀውን ጠላት በገዛ ሥሩ የሚጠራው ስለምን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ እስኪገኝ ወደ ዐርባ ዓመት ያህል አለፈ። በ2005 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እንደ ገለጹት፣ ያ ምልክት የተላከው ለአቀንጭራ ሳይሆን፣ በአፈር ውስጥ ለሚኖርና ከተክሎች ሥር ጋራ በስምምነት ለሚያድር የሻጋታ ዘር ነው፤ ይህ ረዳት ሥሩ ሊደርስበት ከማይችለው ስፍራ ፎስፎረስን እየለቀመ ለተክሉ ያቀብላል፣ ተክሉም በምላሹ ምግብ ይሰጠዋል። ነገሩ ድካም የበዛበት ገበሬ ጎረቤቶቹን ለደቦ ሲጣራ ሌባው ጥሪውን ሰምቶ፣ የቤቱን በርና የባለቤቱን ድካም አንድ ላይ እንዳወቀ ያለ ነው። ከዚህም የሚከተለው ነገር እጅግ ከባድ ነው፤ ተክሉ ረዳቱን የሚጣራው ምግብ ባጠረው ጊዜ አብዝቶ ስለ ሆነ፣ መሬቱ በደከመ ቁጥር ጥሪው ይበረታል፣ ጥሪው በበረታ ቁጥርም አቀንጭራው ይበዛል። ገበሬው አቀንጭራ የደከመ መሬት ልጅ ነው ብሎ ሲናገር የኬሚስትሪ ትምህርት ሳያሻው እውነቱን ተናግሯል፤ ፍግ መጨመርና መሬቱን በማዳበሪያ መርዳትም ማሽላውን ከማጠንከሩ በላይ ጥሪውን ዝቅ የሚያደርግ ስለ ሆነ፣ በአቀንጭራ ላይ ከሚወሰዱ እርምጃዎች መካከል ሊቆጠር ይገባዋል።

ዘሩ በቅሎ ከተጣበቀ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ከአፈር በታች ይኖራል። በዚያን ጊዜ አረንጓዴ ቅጠል ስለሌለው ሕይወቱ በሙሉ በማሽላው ላይ የቆመ ነው፤ ከጉዳቱም የሚበልጠው እጅ የሚፈጸመው በዚሁ ስውር ዘመኑ ነው። ብቅ ብሎ ሲታይና ገበሬው በቁጣ ሲነቅለው፣ የዚያ ዓመት እህል አስቀድሞ ተበልቷል። ታዲያ መንቀሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የሚነቅለው ሰው ለዘንድሮው ማሽላ ሳይሆን ለከርሞውና ከዚያ በኋላ ለሚመጣው እየሠራ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል። ብዙ የግብርና መልእክተኞች ይህን ሳያስረዱ ንቀል ብቻ ብለው ሲሄዱ፣ ገበሬው ነቅሎ ነቅሎ ምርቱ እንዳልተሻሻለ አይቶ ሥራውን ቢተው እኔ በእርሱ አልፈርድም።

የአቀንጭራ ዘመድ የሆነ ሌላ ዓይነት በ1956 በአሜሪካ፣ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና የበቆሎ እርሻዎች ላይ በተገኘ ጊዜ መንግሥቱ የወሰደው እርምጃ ሀብት ያለው አገር ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳያል። ከተበከለው አውራጃ አፈር፣ እህልና የእርሻ መሣሪያ ሳይመረመር እንዳይወጣ ታገደ፤ ፀረ አረም መድኃኒት ተረጨ፤ ከሁሉም በላይ ግን ሙዝን ለማብሰል የሚያገለግለው ኤትሊን የተባለው ጋዝ በመሣሪያ ወደ አፈር ውስጥ ተነፋ። ይህ ጋዝ በአቀንጭራው ዘር ላይ የሥሩን ጥሪ ሥራ ይሠራል፤ ዘሩም የሌለ ማሽላ ያለ መስሎት ይበቅልና ይሞታል። ከ150 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆነው የተበከለ መሬት በብዙ ዓመታት ድካም ከጥቂት ስፍራዎች በቀር ጸዳ። ዘዴው ምንም ድንቅ ቢሆን፣ ግማሽ ሄክታር ማሽላ በሁለት በሬ አርሶ ለሚያድር ለቆቦ ገበሬ በጋዝ የተሞላ በርሜልና የሚጎትተውን ትራክተር ማን ያቀርብለታል?

ለዚህ ገበሬ የሚሆነው ፈውስ በዘሩ ውስጥ መምጣት እንዳለበት የተረዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ናቸው። በ1950 በኦሎንኮሚ የተወለዱት እኒህ ምሁር፣ በዓለማያ የግብርና ኮሌጅ ተምረው፣ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ከተቀበሉ በኋላ፣ በሱዳን ሲሠሩ ሐጊን ዱራ 1 የተባለውን ድቅል ማሽላ አውጥተው በ1983 ለገበሬ እንዲደርስ አደረጉ። ወደ ፐርዱ ከተመለሱ በኋላ ግን ከባዮኬሚስቱ ከላሪ በትለር ጋራ ሆነው የአቀንጭራን ሕይወት ከደረጃ ወደ ደረጃ ከፋፍለው መመርመር ያዙ። ከእነርሱ በፊት የነበረው ልማድ፣ ብዙ ዓይነት ማሽላ በተበከለ እርሻ ላይ ዘርቶ የትኛው እንደሚተርፍ መጠበቅ ነበር፤ ዝናቡ፣ አፈሩና የዘሩ ስርጭት ከስፍራ ስፍራ ስለሚለያይ ግን ዘንድሮ የቻለው ማሽላ ለከርሞ ሲሸነፍ እየታየ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀር ነበር።

የሠሩት ፈተና ቀላልነቱ ያስደንቃል። እንደ መስተዋት ጥርት ባለ፣ አጋር በተባለ የረጋ ፈሳሽ ውስጥ አስቀድመው የተዘጋጁ የአቀንጭራ ዘሮችን በሳሕን ላይ ይበትናሉ፤ ከዚያም አንድ ገና የበቀለ የማሽላ ቡቃያ ሥሩን በመካከላቸው እንዲሰድድ አድርገው ይተክላሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳሕኑን በአጉሊ መነጽር ሥር ሲያኖሩት፣ ከሥሩ ግራና ቀኝ ያሉት ዘሮች ፀጉር የመሰለች ነጭ ሥር አውጥተው ይታያሉ፤ ተመራማሪው ከማሽላው ሥር እጅግ ርቆ የበቀለውን ዘር ፈልጎ ርቀቱን በሚሊ ሜትር ይለካል። ጥሪው የበረታ ማሽላ በሩቅ ያሉትን ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ ጥሪው የደከመው ግን ከዐሥር ሚሊ ሜትር ወዲያ ያሉትን አያስነሣም። በዚህ መንገድ በእርሻ ላይ ዓመታት ይፈጅ የነበረው ምርጫ በአንዲት ሳሕን በቀናት ውስጥ ተፈጸመ። ጥሪያቸው የደከመ የማሽላ ዘሮችም ተገኙ፤ ይህም ባሕርይ ምርት ከሚሰጡ ዝርያዎች ጋራ ተዳቅሎ፣ በ1994 ስምንት ቶን ያህል ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተላከ። በአገራችንም ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች ለገበሬ የደረሱት ከዚሁ ሥራ ነው። ፕሮፌሰሩ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ፤ የዚህ ደካማ ጥሪ መነሻ የሆነው የዘር ምክንያት ራሱ በ2017 ታውቆ ሲታተም ደግሞ፣ ማሽላው ጥሪውን ፈጽሞ እንዳልተወ፣ ነገር ግን አቀንጭራው በቀላሉ ወደማይሰማው ዓይነት እንደ ለወጠው ተረጋገጠ። ረዳቱን ሻጋታ ሳያሳጣ ሌባውን የሚያደናግር መፍትሔ በተፈጥሮ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሽልማት ያገኘ ዘር ሁሉ በገበሬው ጓሮ አይነግሥም። እነዚህ ዝርያዎች ቶሎ የሚደርሱና ቁመታቸው ያጠረ ሲሆኑ፣ የወሎ ገበሬ ግን ማሽላን የሚዘራው ለእንጀራው ብቻ አይደለም፤ ረጅሙ አገዳ የበጋ የከብት ቀለብ፣ የቤት መሥሪያ፣ የምድጃ ማገዶ ነው። የአገዳውን ዋጋ በሚዛኑ ላይ ያላኖረ ተመራማሪ ገበሬው አዲሱን ዘር ሳይቀበል ሲቀር ኋላ ቀር ነው ይለዋል። በኔ ሐሳብ ሒሳቡን የሳተው ገበሬው አይደለም።

በዘር ውስጥ የተቀመጠ ኃይል ደግሞ ዘለዓለማዊ ነው ተብሎ እንዳይታሰብ የስንዴ ዋግ ታሪክ ይገሥጸናል። ዋግ በነፋስ የሚጓዝ ደቃቅ ዱቄት ሆኖ ድንበርና ተራራ የማያግደው በሽታ ነው። ኩብሳ የተባለው ስንዴ ምርታማነቱ ተወድዶ በደጋው ሁሉ ከተስፋፋ በኋላ በ2010 ቢጫ ዋግ መታው፤ ገበሬዎች ቢጫውን ዋግ ይቋቋማል ወደ ተባለው ወደ ዲገሉ ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ በ2013 ዲገሉን የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ጣለው። ስሕተቱ በዘሮቹ ላይ ሳይሆን፣ ሰፊ አገርን በአንድ ዘር በመሸፈን ለበሽታው አንድ ቁልፍ ብቻ የሚፈልግ በር በማዘጋጀት ላይ ነበር። የቡና ፍሬ በሽታ ግን የተሻለ ፍጻሜ አለው። በኬንያ በ1922 የታወቀው ይህ በሽታ በ1971 አገራችን ገብቶ ገና አረንጓዴ ያለውን ፍሬ እያጠቆረ ሲያራግፍ ብዙዎች የቡናው ዘመን አበቃ ብለው ነበር፤ ነገር ግን ኢትዮጵያ የቡና እናት አገር በመሆኗ፣ በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ሲደርቅ ፍሬያቸውን እንደ ያዙ የቀሩ ዛፎች በገበሬው ጓሮና በጫካው ውስጥ ተገኙ። ከጅማ አጠገብ በመልኮ ያለው የምርምር ጣቢያ ዘራቸውን ሰብስቦ ፈትኖ ለገበሬው መለሰለት፤ 74110፣ 74112 እየተባሉ የሚጠሩት ቡናዎች ስማቸው የሚጀምርበት 74 ቁጥር እናት ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት የሚያመለክት ነው።

ስለ ነፍሳት የምናገረው አጭር ነው። ከአሜሪካ የመጣው መጤ ተምች በ2016 በምዕራብ አፍሪካ ታይቶ በ2017 ወደ እኛ ሲዘልቅ፣ ብዙ ገበሬ ፀረ ተባይ ሊረጭ የተነሣው ትሉ በበቆሎው ገና ባልተዘረጋ ቅጠል መካከል ጠልቆ፣ ኩሱን በላዩ ደፍኖ ከተቀመጠ በኋላ ነበር። አገዳ ቆርቁርም እንደዚሁ ነው፤ ከቅጠሉ ወደ አገዳው ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጨው መርዝ የገበሬውን ኪስና ሳንባ ይጎዳል እንጂ ትሉን እምብዛም አያገኘውም። ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል በ1939 ያስረዳው ፓውል ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ዓለም ከነፍሳት ጋራ ያለው ጠብ ያበቃ መስሎት ነበር፤ በ1959 ግን የካሊፎርኒያ ሊቃውንት ትሉ ከሚያጠፋው የመርጫው ወጪ የሚበልጥበት ጊዜ እንዳለና ገበሬው ያን ልክ ሳያይ እጁን ወደ መርጫው እንዳይሰድድ መከሩ። እኛም ሳይረጭ ጊዜው ያለፈበት ብዙ መርዝ በየመጋዘኑ ሲፈስ ከቆየ በኋላ ወደ ፊንላንድ በመርከብ ልከን ማስቃጠላችን ምክሩን ዘግይተን እንደ ሰማን ይመሰክራል።

ከመርዝ ይልቅ አገዳ ቆርቁርንና አቀንጭራን በአንድ እጅ የያዘ ዘዴ በኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በምቢታ ተገኝቷል። ዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ በ1990ዎቹ የአገዳ ቆርቁሯን እናት በጠረኑ ከበቆሎው እንዲያርቅ ዴስሞዲየም የተባለውን ሐረግ በበቆሎው መካከል፣ መዓዛው እንዲስባት ደግሞ ዝሆኔ ሣርን በእርሻው ዳር ዳር ተከለ። ያልታሰበው ነገር ዴስሞዲየም ባለበት እርሻ አቀንጭራ እየጠፋ መታየቱ ነበር፤ ቢመረመር ከሐረጉ ሥር የሚወጣው ፈሳሽ ከፊሉ የአቀንጭራን ዘር እንደሚቀሰቅስ፣ ከፊሉም የተቀሰቀሰችው ሥር ከበቆሎው እንዳትጣበቅ እንደሚከለክል ታወቀ። ሐረጉ በዚያ ላይ መሬቱን ያዳብራል፤ ታጭዶም የከብት ቀለብ ይሆናል።

ዘዴው በአገራችንም ተሞክሯል፤ የሚሰናከለውም በእርሻ ጥበብ ጉድለት አይደለም። ዴስሞዲየም ከዓመት ዓመት የሚኖር ተክል ነው፤ በማሽላው አገር ደግሞ አዝመራው ከተነሣ በኋላ የመንደሩ ከብት ሁሉ በቃርሚያው ላይ ይለቀቃል፣ ያንዱ ገበሬ ሐረግም በሌላው በሬ ይጋጣል። ይኸው ከብት በአንዱ እርሻ ላይ አቀንጭራውን ከነዘሩ በልቶ በሌላው እርሻ ላይ ፋንድያውን ሲጥል፣ በሆዱ አልፎ ያልሞተው ዘር አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ የልቅ ግጦሹን ጉዳይ የመንደሩ ሰዎች በደንብ ካልተስማሙበት በቀር ለብቻው የሚደክም ገበሬ ያጸዳው መሬት ተመልሶ ይበከላል። እስከዚያው ድረስ ለሁሉ የሚቻለው ሥራ፣ አቀንጭራውን አበባው ሳይፈካ በወንፈል መንቀል ነው፤ አበባ አውጥቶ የተነቀለውን ግን በእርሻው ድንበር ላይ መጣል አይገባም፤ ዘሩ ከተነቀለም በኋላ ሊበስል ይችላልና፣ ተሰብስቦ በአንድ ስፍራ መቃጠል አለበት።